ቲጃኒ ዩሱፍ በሺር

ከጎጃም ምድር ፈልቆ፣ ጣናን አቋርጦ፣ የኢትዮጵያን ተራሮች እየሰነጠቀ የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ነው። በመገናኛው ዙሪያ ሦስት ከተሞች ተጎራብተው ይገኛሉ። በሁለቱ ወንዞች መካከል ካርቱም፣ ከነጭ ዓባይ ማዶ በስተምዕራብ ኦምዱርማን፣ ከጥቁር ዓባይ ማዶ በስተሰሜን ደግሞ ባሕሪ የምትባለው ሰሜን ካርቱም ተቀምጠዋል። የዘመናዊ ሱዳን ሥነ ጽሑፍ ሲነሣ ስሙ ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚጠራው ባለቅኔ ቲጃኒ ዩሱፍ በሺር ተወልዶ ያደገውና አጭር ሕይወቱን የፈጸመው በእነዚህ ከተሞች ነው። ቲጃኒ በዚህ ዓለም የኖረው ሃያ አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ለትውልድ ያስተላለፈው የግጥም መጽሐፍም አንድ ነው። ያንንም አንድ መጽሐፍ ታትሞ ለማየት አልታደለም።

የተወለደበት ዘመን ሱዳን በባዕድ አገዛዝ ሥር የወደቀችበት ዘመን ነበር። የመሐዲ ተከታዮች እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ ኦምዱርማንን መናገሻቸው አድርገው አገሪቱን ሲገዙ ቆዩ። በመስከረም ወር 1898 ግን በእንግሊዞች የሚመራ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር መድፍና መትረየስ ይዞ መጣና ከከተማይቱ በስተሰሜን በከረሪ ሜዳ ላይ ገጠማቸው። በአንድ ቀን ውጊያ ብቻ አሥር ሺህ ያህል ሱዳናውያን ወደቁ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ በስም የእንግሊዝና የግብፅ የጋራ ግዛት ተባለች፤ በተግባር ግን ሥልጣኑ በእንግሊዞች እጅ ነበር። ይህም አገዛዝ እስከ 1956 ድረስ ቆየ።

አዲሶቹ ገዥዎች ፈርሳ የነበረችውን ካርቱምን እንደገና ቀየሷት። ቤተ መንግሥቱንና ዋና ዋናዎቹን መሥሪያ ቤቶች በጥቁር ዓባይ ዳር ሠሩ። ከወንዙ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ፣ በታላቁ መስጊድ አካባቢ፣ የአገሬው ሰው የሚገበያይበት ሱቅ ዐረቢ ተቋቋመ። ከእርሱም አጠገብ የግሪክ፣ የሶርያና የሌሎች አገሮች ነጋዴዎች መደብሮቻቸውን የደረደሩበት ሱቅ አፍረንጂ ነበር። ኦምዱርማን በበኩሏ የሱዳናውያን ከተማ እንደ ሆነች ቀረች። ጠባብ መንገዶቿ፣ የጭቃ ግድግዳ ቤቶቿ፣ የቁርኣን ትምህርት ቤቶቿና የሱፍያ ሊቃውንቷ የቀድሞውን ዘመን መልክ እንደ ያዙ ቆዩ።

ቲጃኒ እ.ኤ.አ. በ1912 ገደማ በዚህችው በኦምዱርማን፣ ከቁርኣን መምህራን ቤተሰብ ተወለደ። ስሙ የተሰጠው የቲጃኒያን መንፈሳዊ መንገድ በሰሜን አፍሪካ ለመሠረቱት ለሼህ አሕመድ አል ቲጃኒ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስም ኸልዋ ወደሚባለው የቁርኣን ትምህርት ቤት ገባ። ያስተማሩትም የራሱ ዘመዶች ነበሩ። የኸልዋ ተማሪ ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም፣ በሸምበቆ ብዕር፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጥቅሱን ይጽፋል፤ በቃሉ ካጠናው በኋላም ሰሌዳውን አጥቦ ሌላ ይጽፍበታል። በአገራችን የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ዳዊቱን እየደጋገመ በቃሉ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ቲጃኒም ቁርኣንን በቃሉ አጠና። የዐረብኛ ቋንቋ ጥልቀትና ዜማ በጆሮው የገባው በዚህ ዕድሜው ነው። ካደገ በኋላ ስለ ኸልዋ በጻፈው ግጥም ውስጥ፣ በማለዳ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ሳይወድ በግድ ወደ ትምህርቱ የሚጓዘውን ሕፃን ሁኔታ በፍቅርና በፈገግታ ሥሎታል።

ቲጃኒ የኸልዋ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በኦምዱርማን በሚገኘው የሃይማኖትና የዐረብኛ ትምህርት ተቋም ገባ። ይህ ተቋም በ1912 የተመሠረተ ሲሆን፣ የሸሪዓን ሕግ፣ የዐረብኛ ሰዋስውንና ቅኔን ያስተምር ነበር። ከዚያ በምስክር ወረቀት የወጣ ወጣት መምህር ለመሆን ወይም በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመሥራት ተስፋ ነበረው። ለድኻ ቤተሰብ ልጅ ይህ ቀላል ተስፋ አልነበረም። ቲጃኒ ግን ከተመደበለት ትምህርት አልፎ የጥንቶቹን የዐረብ ባለቅኔዎች፣ የሱፍያ ሊቃውንትን ድርሰቶች፣ እንዲሁም ከካይሮ የሚመጡትን አዳዲስ መጻሕፍትና መጽሔቶች እያሳደደ ያነብ ጀመር። ግጥም መጻፍ የጀመረውም በዚሁ ጊዜ ነው።

በዚያን ጊዜ በዐረብኛ ተናጋሪው ዓለም ስሙ የገነነው ግብፃዊው ባለቅኔ አሕመድ ሸውቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ጸሐፍት ካይሮ ላይ ተሰብስበው የባለቅኔዎች ልዑል የሚል ማዕረግ ሰጥተውት ነበር። የኦምዱርማን ተማሪዎችም ስለ ሸውቂና ስለ ተወዳዳሪዎቹ አዘውትረው ይከራከሩ ነበር። የቲጃኒን የሕይወት ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ወጣቱ በእንዲህ ዓይነት ክርክር መካከል ለሸውቂ ወግኖ ሲናገር፣ የሸውቂ ግጥም በሌሎች ግጥሞች ላይ ያለውን ብልጫ ቁርኣን በሌላው ንግግር ሁሉ ላይ ካለው ብልጫ ጋር አነጻጸረ። ይህ በወጣትነት ስሜት የተነገረ ማነጻጸሪያ ከአፍ ወደ አፍ ሲሸጋገር መልኩን ለወጠ። ቅዱሱን መጽሐፍ ከሰው ድርሰት ጋር አስተካከለ፣ ካደ የሚል ክስ ሆኖ ከመምህራኑ ዘንድ ደረሰ። ውጤቱም ከትምህርት ቤቱ መባረር ሆነ።

ይህ በቲጃኒ ላይ የተዘጋው የመጀመሪያው በር ነው። ጉዳቱም በሁለት በኩል ነበር። በአንድ በኩል የምስክር ወረቀቱና ከእርሱ ጋር የተያያዘው እንጀራ ቀረ። በሌላ በኩል ደግሞ ሃይማኖተኛ በሆነ ከተማ፣ ያውም በቁርኣን መምህራን ቤት፣ ከሐዲ ተብሎ መጠራት ከባድ ሸክም ነበር። ቲጃኒ ስለዚህ ሁኔታ የሰጠው መልስ በግጥም መልክ ይገኛል። ያባረረውን ተቋም ስም ርእስ አድርጎ በጻፈው ግጥም፣ የትምህርት ቤቱን ውበትና በዚያ ያሳለፈውን የወጣትነት ዘመን በናፍቆት ያወድሳል። በዚያው ግጥም ውስጥ ስሙን እየጠሩ እንደ ካደ ያስወሩበትን ሰዎች ያነሣል፤ ለወሬያቸውም ደንታ እንደሌለው ይናገራል። በአንድ ግጥም ውስጥ ፍቅርም ቅሬታም ጎን ለጎን ቆመዋል። በደረሰበት በደል ምክንያት ያስተማረውን ቤት አልካደም፤ ቤቱን ስለሚወድም በደሉን አልሸሸገም።

ከዚህ በኋላ የቲጃኒ ዓይን ወደ ካይሮ ዞረ። ካይሮ በዚያን ዘመን የዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ማእከል ነበረች። ታላላቆቹ ማተሚያ ቤቶች፣ ስመ ጥር መጽሔቶች፣ ዩኒቨርሲቲውና አል አዝሃር የሚገኙት በዚያ ነው። በ1932 አሕመድ ዘኪ አቡ ሻዲ የተባለው ባለቅኔ አፖሎ የተሰኘውን የባለቅኔዎች ማኅበርና መጽሔት በካይሮ አቋቁሞ ነበር፤ አዲስ ስሜትና አዲስ አገላለጽ የሚሹ ወጣቶችም ከየአገሩ ወደ እርሱ ይመለከቱ ነበር። ቲጃኒ ወደ ግብፅ ሄዶ ለመማር አጥብቆ ተመኘ። የግብፅን ዕውቀት የሚያወድስ ግጥምም ጽፏል። ይሁን እንጂ ቤተሰቡ ጉዞውን አልፈቀደለትም፤ ለመንገዱ የሚበቃ ገንዘብም አልነበረውም። ስለዚህ ሁለተኛው በርም ተዘጋ። በመንፈሱ ካይሮ የኖረው ወጣት በአካሉ ካይሮን ሳያይ ቀረ።

ጊዜውም ለወጣት ምሁራን የማይመች ነበር። በ1924 በካርቱም የተነሣው የነጭ ሰንደቅ ማኅበር ዐመፅ ከተደመሰሰ ወዲህ እንግሊዞች የተማረውን ወጣት በጥርጣሬ ዓይን ያዩት ጀመር። በዓለም ላይ የደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስም ሱዳንን ስለ ነካ መንግሥት የአዳዲስ ምሩቃንን መነሻ ደመወዝ ቀነሰ። በዚህም ምክንያት በ1931 የጎርደን ኮሌጅ ተማሪዎች የትምህርት ማቆም አድማ አደረጉ። የኮሌጅ ተማሪዎች ይህን ያህል ሲቸገሩ፣ ያለ ምስክር ወረቀት ለተባረረ ሰው ምን ዓይነት ሥራ ሊገኝ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ቲጃኒ በአነስተኛ ሥራዎች ኑሮውን ሲገፋ ከቆየ በኋላ ወደ ጋዜጠኝነት ገባ።

ሱዳናውያን ጋዜጦችና መጽሔቶች በካርቱምና በኦምዱርማን ብቅ ብቅ ማለት የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነበር። ሱሌይማን ዳውድ መንዲል የሚያሳትመው፣ ትርጓሜው የሁለቱ ወንዞች መገናኛ የሆነ ጋዜጣ አንዱ ነው። በ1934 ደግሞ ዐረፋት ሙሐመድ ዐብደላህ አል ፈጅር ወይም ጎሕ የተሰኘውን መጽሔት መሠረተ። ቲጃኒ በእነዚህና ኦምዱርማን በተባለው መጽሔት ግጥሞቹንና መጣጥፎቹን ያቀርብ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ በነጭ ዓባይ ላይ ድልድይ ተሠርቶ ትራም ይመላለስበት ስለ ነበር ከኦምዱርማን ወደ ካርቱም መሻገር ቀላል ሆኗል። ከድልድዩ ማዶ ያለችው ካርቱም ሌላ ዓለም ነበረች። በሱቅ ዐረቢ የጨርቅ፣ የቅመማ ቅመምና የእህል ነጋዴው ከገዥው ጋር ይከራከራል። ከጥቂት ርምጃ በኋላ ያለው ሱቅ አፍረንጂ ደግሞ ከአውሮፓ የመጣ ዕቃ በመስተዋት ውስጥ ደርድሮ ያሳያል። የመስጊዱ የጸሎት ጥሪና የቤተ ክርስቲያን ደወል በአንድ ሰማይ ሥር ይሰማሉ። ቲጃኒ ይህን ሁሉ አስተዋለ፤ ቤተ ክርስቲያኖችንና መስጊዶችን በአንድነት ያነሣበት ግጥሙም ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ ነው።

በጋዜጣ ላይ የወጣ ግጥም ግን እንደ ጋዜጣው ዕድሜው አጭር ነው። ዛሬ ይነበባል፤ ነገ የስኳር መጠቅለያ ይሆናል። በዚያ ላይ ጋዜጦቹ ራሳቸው ዕድሜ አልነበራቸውም። በገንዘብ እጦት፣ በአንባቢ ማነስ፣ አንዳንዴም በአሳታሚው ሞት ይዘጉ ነበር። የአል ፈጅር መሥራች ዐረፋትም መጽሔቱን ባቋቋመ በሁለት ዓመቱ በ1936 ሞተ። ስለሆነም ግጥሞቹ እንዲኖሩለት የሚፈልግ ባለቅኔ በመጽሐፍ መልክ ሊያሳትማቸው ይገባ ነበር። ቲጃኒም በዐረብኛ ዲዋን የሚባለውን የግጥም መድበል ለማውጣት ተነሣ።

መጽሐፍ ማሳተም ግን ጋዜጣ ላይ እንደ መጻፍ አልነበረም። በሱዳን የነበሩት ማተሚያ ቤቶች ጥቂት ነበሩ። የደራሲን ድርሰት ተቀብሎ፣ ወጪውን ችሎ፣ አሳትሞ የሚሸጥ ድርጅት በአገሪቱ አልተቋቋመም ነበር። ማሳተም የሚፈልግ ሰው ራሱ ገንዘብ ማቅረብ፣ ወይም ባለጠጋ ደጋፊ መፈለግ፣ ወይም ጽሑፉን ወደ ካይሮ መላክ ነበረበት። ካይሮም ብትሆን የራሷ ዝነኞች ሞልተውላታል፤ ስሙ ከሁለቱ ወንዞች መገናኛ ያልዘለለ ወጣት በዚያ የሚያገኘው ስፍራ ጠባብ ነበር። በሌላ በኩል የቅኝ አገዛዙ መንግሥት የኅትመት ሥራን በሕግና በቁጥጥር ያጠብቅ ነበር። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ጥቂት በመሆኑም፣ የታተመ መጽሐፍ ወጪውን መልሶ ያገኛል ተብሎ አይታሰብም። ቲጃኒ በእጁ የነበረው ግጥሙ ብቻ ነበር። ሦስተኛው በር፣ ከሁሉም ይልቅ የናፈቀው በር፣ በሕይወት ሳለ አልተከፈተለትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ብዕሩ ሥራ አልፈታም። ተቀባይነት ባጣባቸው ዓመታት የጻፋቸው ግጥሞች ዛሬ ስሙን የሚያስጠሩት ናቸው። ከእነርሱም መካከል ስለ ተጨነቀ ሱፍይ የደረሰው ግጥም ይገኝበታል። በዚህ ግጥም ቲጃኒ ፍጥረትን በጥሞና ይመለከታል፤ ከጥቃቅኑ ነፍሳት ከጉንዳን እንኳ ሳይቀር የፈጣሪን ድምፅ ለመስማት ይሞክራል። ጥርጣሬው እንደሚያመው በገለጸበት ግጥም ደግሞ የእምነትና የአእምሮን ትግል ሳይሸሽግ አውጥቶታል። ከሐዲ ተብሎ የተከሰሰ ወጣት ስለ ጥርጣሬው ዝም ማለት ይቀለው ነበር። እርሱ ግን የተከሰሰበትን ጉዳይ ዋና የምርምር ርእሱ አደረገው። ግጥሞቹን የሚያነብ ሰው ከክሕደት ይልቅ ፈጣሪውን አጥብቆ የሚፈልግ ነፍስ ያገኛል።

የሚኖርበትንም ምድር አልዘነጋም። በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ላይ ስለምትገኘው ስለ ቱቲ ደሴት፣ ማለዳ ላይ ወፎቿና የአትክልት ስፍራዎቿ ስለሚያሳዩት መልክ ጽፏል። ስለ ካርቱም ጽፏል። ዓባይን እንደ ቅዱስ ስፍራ ቆጥሮ በፊቱ የሚቆምበት ግጥሙም ከሁሉ የታወቀ ነው። በዚያ ግጥም የተወደሰው ውሃ ከኢትዮጵያ ተራሮች የወረደው ውሃ ጭምር መሆኑን ስናስታውስ፣ ባለቅኔው ሳያውቀን ጎረቤታችን እንደ ነበር እንረዳለን።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ቲጃኒን የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በዚያን ጊዜ ለዚህ በሽታ ፍቱን መድኃኒት አልነበረም። በሽታውን መቋቋም የቻለው ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት የተገኘው በ1943 ነው። ለድኻ ሕመምተኛ የነበረው ምርጫ ዕረፍት፣ ጥሩ ምግብና ንጹሕ አየር ብቻ ነበር፤ ቲጃኒ ደግሞ እነዚህንም በበቂ ሁኔታ አላገኘም። ጉልበቱ እየደከመ ሲሄድም ግጥሞቹን መሰብሰቡን አላቋረጠም። ለመድበሉም ኢሽራቃ የሚል ስም ወጣለት። ትርጓሜው የፀሐይ መውጣት፣ የብርሃን መፈንጠቅ ማለት ነው። የጨለማ ዓመታት ያሳለፈ ሰው ለመጽሐፉ ይህ ስም መሰጠቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ቲጃኒ ዩሱፍ በሺር እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1937 አረፈ። በሞተበት ቀን በስሙ የታተመ አንድም መጽሐፍ አልነበረም። ከትምህርት ቤቱ ምስክር ወረቀት አልተቀበለም። ካይሮን አላየም። በእጅ የተጻፉ ግጥሞቹ ግን ተሰብስበው ነበር።

ግጥሞቹ ተሰብስበው መገኘታቸው ወሳኝ ሆነ። ተስፋ ቆርጦ ግጥሞቹን በየጋዜጣው ተበታትነው እንዲቀሩ ትቷቸው ቢሆን ኖሮ፣ ብዙዎቹ ከጋዜጦቹ ጋር ይጠፉ ነበር። ወዳጆቹና አድናቂዎቹ ለማሳተም ሲነሡ በእጃቸው የሚይዙት ነገር አገኙ። ኢሽራቃ ደራሲው ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1942 ታተመ። መጽሐፉ እንደ ወጣ የተመለከቱት ሁሉ በሱዳን አዲስ የግጥም ድምፅ እንደ ነበረና ሳያዳምጡት እንዳለፈ ተገነዘቡ። ከዚያ ወዲህ መድበሉ ደጋግሞ ታትሟል። የሱዳንና የግብፅ ተመራማሪዎችም ስለ እርሱ መጻሕፍት ጽፈዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠሩበታል። በአንድ ወቅት ከትምህርት ቤት የተባረረው ወጣት የትምህርት ቤት ትምህርት ሆነ።

የቲጃኒ ዕድል የእርሱ ብቻ አልነበረም። የቱኒዚያው ባለቅኔ አቡል ቃሲም አሽ ሻቢ በ1909 ተወልዶ በ1934 ሲሞት ዕድሜው እንደ ቲጃኒ ሃያ አምስት ዓመት ነበር። የእርሱም የግጥም መድበል በመጽሐፍ መልክ የወጣው ከሞተ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ በ1955 ነው። በአገራችንም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተሰኘውን ድርሰታቸውን ጽፈው በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው አረፉ። መጽሐፋቸው ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው በ1916 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ስለ ኢትዮጵያ የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያን መጽሐፍ ሳያነሣ አያልፍም። ከሦስቱ አንዳቸውም የአንባቢውን ምስጋና አልሰሙም። ሦስቱም ግን ለአንባቢው የሚሆን የተጠናቀቀ ሥራ ትተው ሄደዋል።

የቲጃኒ ቃላት ከመጽሐፍ ወጥተው ወደ ዘፈንም ተሸጋግረዋል። በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ጭምር የታወቀው ሱዳናዊ ድምፃዊ ሰይድ ኸሊፋ የጂን መዝሙር የተባለውን የቲጃኒን ግጥም አዚሞታል። ዑስማን ሑሴን ደግሞ ስለ ዓባይ የጻፈውን ተጫውቶታል። በዚህ መንገድ መጽሐፉን ገዝቶ ማንበብ የማይችለው ሰው ሁሉ ግጥሙን በጆሮው አገኘው። በካርቱም መሐል ከተማ፣ በሱቅ ዐረቢና በአካባቢው፣ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች መንገድ ዳር ላይ ሸቀጣቸውን አንጥፈው ይሸጡ ነበር። በሕይወት ሳለ አሳታሚ ያላገኘው ባለቅኔ ከሞተ በኋላ የሚነበበውና የሚዘፈነው በዚህ ዓይነቱ፣ ሁሉ በሚተላለፍበት የሕዝብ መካከል ሆነ።

በሚያዝያ ወር 2023 እ.ኤ.አ. በሱዳን ጦር ሠራዊትና ፈጥኖ ደራሽ በተባለው ኃይል መካከል ጦርነት ሲፈነዳ፣ ሱቅ ዐረቢ ከከፋ ጉዳት አላመለጠም። መደብሮቹ ተዘረፉ፤ ብዙዎቹም በእሳት ጋዩ። ነዋሪው ተሰደደ፤ ከስደተኞቹም መካከል በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩ ብዙዎች ነበሩ። መሐል ከተማው በመጋቢት ወር 2025 በሠራዊቱ እጅ ሲመለስ፣ ገበያው የቀድሞ መልኩ ጠፍቶ ፍርስራሽ ሆኖ ተገኘ። የተቃጠለ መደብር በገንዘብና በጉልበት ይሠራል። የተቃጠለ መጽሐፍም ቅጂው በሌላ ሰው እጅ እስካለ ድረስ ተመልሶ ይታተማል። ከሱዳን የወጡት ስደተኞች ደግሞ ዕቃቸውን ጥለው ሲሄዱ በቃላቸው ያጠኑትን ግጥምና ዘፈን ይዘው ሄደዋል።

በቲጃኒ ዩሱፍ በሺር ሕይወት ውስጥ ሦስት ጊዜ በሮች ተዘግተዋል። ትምህርት ቤቱ አባረረው፤ የካይሮ መንገድ ተከለከለ፤ ማተሚያ ቤቱ ራቀው። እነዚህን በሮች የመክፈት ሥልጣን በእርሱ እጅ አልነበረም። በእጁ የነበረው ግጥሙን መጻፍ፣ ማረምና መሰብሰብ ነበር፤ ይህንንም እስከ ዕለተ ሞቱ አላቋረጠም። የመጀመሪያ ድርሰቱን ጽፎ ሰሚ ያጣ ወጣት በማንኛውም አገርና ዘመን ይገኛል። እንዲህ ያለው ወጣት ከባለቅኔው ሕይወት የሚቀስመው ትምህርት፣ የሰዎች እምቢታ የሥራውን ዋጋ የመጨረሻ ፍርድ እንዳልሆነ ነው። ከዚህም ጋር ሥራው ጊዜው ሲደርስ ሊገኝ የሚችለው ተሠርቶና ተሰብስቦ ከቆየ ብቻ መሆኑን ያስተውላል።